ተንበርካኪው ወታደር

ፌቨን ጠመንጃው የተሰበረበትን የመጫወቻ ወታደር በሁለት ጣቷ ይዛ የተላጠውን ካፖርቱን በቀጭን ብሩሽ መልሳ ቀባች። ወታደሩ በአንድ ጉልበቱ እንደተንበረከከ ነበር። ወንድሟ ኢያኤል ከጠረጴዛው ማዶ ዳይሱን በመዳፉ እያንኳኳ ጠበቃት። እሱ የአባታቸውን በኩልፎ ወንዝ ዳር ያለ የሙዝ ማሳ እንሽጥ ብሎ ከተጣሉ ወዲህ ከዚህ የወታደሮች ውጊያ ጨዋታ ውጭ አይነጋገሩም ነበር።

ብሩሹን አጥባ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነከረች፤ በወታደሩ ባዶ እጅ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ሠራች። ከዚያ ከኢያኤል ጦር ፊት አቆመችው።

«ምንድነው የያዘው?»

«ሳር።»

ኢያኤል ጎንበስ ብሎ አየው።

«አባባ የተጣሉ ሰዎችን ሊያስታርቁ ሳር ይዘው ሲንበረከኩ አልፏቸው የሄደ ሰው አላየሁም» አለ። ዳይሱን ሳይጥል አስቀመጠና ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰ።

«እሺ፣ አይሸጥ፤ ማሳውን ግን ማን ያጠጣዋል?» አላት።