ሦስተኛው ስም

ቴክኒሺያኑ ላፕቶፑን ከአሮጌው ሞደም ጋር በገመድ አገናኘ።

«ይሄ ከዛሬ ጀምሮ መስመር ከማሳለፍ በቀር ሥራ የለውም፣ እትዬ። ብሪጅ የምንለው እሱን ነው። ዋይፋይ የሚሰጥዎት አዲሱ ራውተር ይሆናል።»

«ብቻ መኝታ ቤት ድረስ ይድረስልኝ» አሉ ወይዘሮዋ። ጥቁር ከለበሱ ሁለተኛ ወራቸው ነው።

ሶፋው ላይ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ተጋድሟል። ከቀብሩ ወዲህ ሊያጽናናቸው ብሎ እዚያው ከርሟል። የሟች ስልክ ከለቅሶው ድንኳን የጠፋ ዕለት ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ ነበር። «የሙት ዕቃ የሰረቀ እጁ ይቆረጥ!» እያለ ለቀስተኛውን ሁሉ ኪሱን አስገልብጧል። የራሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ከመደወልና ራዲዮ ከማሰማት አታልፍም።

ቴክኒሺያኑ ስክሪኑን ወደ ወይዘሮዋ አዞረ።

«የአሮጌውን ዋይፋይ ሳጠፋው እነዚህ ይቋረጣሉ። አንደኛው ቴሌቪዥኑ ነው፣ ሁለተኛው የእርስዎ ስልክ። ሦስተኛውን አላወቅኩትም።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው በዝምታ አነበቡ። «የሸዋንግዛው ስልክ» ይላል። ሸዋንግዛው ባላቸው ነበሩ።

«አጥፋው» አሉ።

ቴክኒሺያኑ ተጫነው። ሞደሙ ላይ አንዷ አረንጓዴ መብራት ጠፋች።

«ኤጭ!» አለ ጋቢው። «ልክ ጎል ሊገባ ሲል!»