«በልቻለሁ»

ሰው «በልቻለሁ» እያለ መራቡ በምን ይታወቃል?

ድሮ አውቅ ነበር ይሉኛል። ሄልሲንኪ ልማር ስሄድ ዩኒቨርሲቲው በግማሽ ቀን የአገሩን ጠባይ ጭንቅላቴ ውስጥ አስገባልኝ፤ ቦታ እንዲበቃ ደግሞ የእኛን አወጣ። ዛሬ ውጭ የሚማር ሁሉ እንዲህ ነው የሚላከው። ስጨርስ «ከልዩ ልዩ ባህሎች ጋር የመኖር ብቃት፦ እጅግ ከፍተኛ» የሚል ሰርተፍኬት ሰጥተው ወደ አገሬ ሸኙኝ። የግድግዳዬን ስንጥቅ ሸፍኖልኛል።

ባለፈው ወር ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ኩላሊቷን ልትታከም ከደሴ መጣች። ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ነው የዋለችው።

«ምግብ ላቅርብ?» አልኳት።

«ኧረ በልቻለሁ።»

ድስቱን መልሼ ከደንኩት። እትዬ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥላ እኔን አየችና ሳቀች።

«ጎሽ! ፈረንጅ ሆነሽ አረፍሽው!»

«ሕክምናው እስኪያልቅ እኔ ጋ ትቆያለሽ?»

«አይ፣ አላስቸግርሽም። ሆቴል አላጣም።»

«እሺ» አልኩና ታክሲ ጠራሁላት። ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ በር ሸኘኋት። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም።

ታክሲው እንደሄደ ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺመቤት ከደጃፋቸው ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ! ታሞ የመጣ ሰው እንዲህ ይሸኛል? በሞቴ ብለሽ፣ ሻንጣዋን ቀምተሽ ታስቀሪያለሽ እንጂ! የተማርሽው ይሄንን ነው?»

አዎ፣ ይሄንኑ ነው። በማዕረግ።

ወዲያው «እትዬ፣ በሞቴ ተመለሺ፤ አልጋ አንጥፌልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። የትኛው ሆቴል እንደምታርፍ እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር። መልእክቱ እንደደረሳት ስልኬ ያሳያል። መልስ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው።