ያልተባለው መስመር

ተርጓሚዋ በሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ ከሁለት ትልልቅ ድስቶች ፊት ቆመች። ነገ ሥራ የሚጀምሩት አብሳዮች የሚያነቡት ዐረብኛ ብቻ ነው፤ የአጥንቱና የሥጋው መረቅ ግን በምትተረጉመው የምግብ አሠራር ወረቀት ላይ አሁንም አንድ ስም ይዘው ነበር።

«ጋሼ፣ ልዩነታቸውን ይንገሩኝና በዐረብኛ ልለያቸው።»

«ይሄ በወሬ አይሆንም፣ ልጄ። ቅመሺው» አሉ ሽማግሌው ሼፍ፣ ማንኪያ እያቀበሏት።

ቀመሰች። የአጥንቱ ከንፈር ላይ ያዝ ያደርጋል፤ የሥጋው ቀለል ብሎ ይወርዳል። ይህንኑ ጽፋ ቀና ስትል፣ ሼፉ ወረቀቱን ትተው ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

«ጨዉስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያኔ ገባት። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ሲቀምሱ አላየቻቸውም፤ ሁሉንም የሚያስቀምሱት ሌላ ሰው ነው። ምላሳቸው ከድቷቸዋል፤ ጣዕም አይለይላቸውም።

«የሥጋው ትንሽ ይቀረዋል» አለች እሷም በዝግታ። ሼፉ በሦስት ጣታቸው ቆንጥረው ጨመሩ። እሷ ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ ከወረቀቱ ግርጌ በዐረብኛ አንድ መስመር አከለች።

«ምን ጨመርሽ?»

«ደንብ ነው፣ ጋሼ። መረቁ ከመውጣቱ በፊት አብሳዮቹ ቀምሰው ለእርስዎ ይናገራሉ።»

ሼፉ ወደ ድስቱ ዞረው ክዳኑን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

«አዎ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «እሱን ልነግርሽ ረስቼው ነበር።»