የጋቢናው አልጋ

«ዕድሜ ይስጥህ። ስንት ዘመን ነው ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥን ስል የኖርኩት» አለች ሚስቱ፣ ሁለት ብርድ ልብስ አጣጥፋ ወደ ውስጥ እየከተተች።

ሾፌሩ አናጢውን አየው። አናጢው ደግሞ መዶሻውን አየ፣ ከመዶሻው ምክር የሚጠብቅ ይመስል።

ዕቃው በበሩ አልገባ ስላለ አቁመው ነው ያስገቡት። ቆሞ ሲታይ ደግሞ ማንንም ያሳስታል። የሰው ቁመት አለው፤ ጣውላው ተልጎ ተወልውሎ ያበራል፤ ውስጡ ትንሽ መደርደሪያና ሁለት ሚስማር፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሱ ዝቅ ብሎ። ሚስትየው ከላይኛው ሚስማር ላይ አዲሱን ቀሚሷን ሰቀለችና ራቅ ብላ አየችው።

«እጅህ ይባረክ» አለችው አናጢውን። «መደርደሪያውን ግን ለምን እንዲህ አቆምከው? ምን ይቀመጥበታል?»

«ጋሼ ናቸው እንዲህ አድርገህ ሥራ ያሉኝ» አለ አናጢው። ከነገሩ ቶሎ ወጣ።

ሾፌሩ መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ገደል አፋፍ ላይ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። የጭነት መኪናውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤቱ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ብሎታል። ሰፊው አልጋ ላይ ሲወጣ ሜዳ ላይ የተጣለ ይመስለዋል፤ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ግድግዳ የለም፤ ጣሪያውም ሩቅ ነው። ዕድሜውን የተኛው ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ ነው። እዚያ ጋደም ካለ ጎማ ቢፈነዳ እንኳ አይሰማም ነበር። እዚህ ግን መጋረጃ አስለወጠ፣ አምፖሉን በደብዛዛ ተካ፣ ራስጌውን ከመስኮት ወደ በር አዞረ፤ የሆነለት ነገር የለም። በመጨረሻ ያቺኑ የጋቢና መኝታ በእንጨት አሠራት። ያላደረገው ነገር ቢኖር ለሚስቱ መንገር ብቻ ነው።

«እንግዲህ ላጋድመው ጋሼ?» አለ አናጢው።

«ቁም ሳጥን ይጋደማል እንዴ?» አለች ሚስትየው።

ሁለቱ ወንዶች ቀሚሱን አወረዱ፣ ብርድ ልብሶቹን አወጡ፣ ዕቃውን ግራና ቀኝ ይዘው ቀስ ብለው በጎኑ አስተኙት። ያን ጊዜ መደርደሪያው ተስተካከለ። ቁም ሳጥኑም ጣሪያ ያለው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተከፈተ፣ ጠባብ አልጋ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሚስትየው ዝም አለች። የሷ ዝምታ ደግሞ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ነው፤ የት ሄዶ እንደሚቆም አይታወቅም።

«አልጋ ነው» አለች ቆይታ።

«አልጋ ነው» አለ ሾፌሩ።

«የስንት ሰው?»

«ትልቁ አልጋማ ከጎኑ ይገባል። ፈታትተን ሳሎን ያስደገፍነው ለጊዜው ነው።»

አናጢው ሜትሩን መዘዘና የተረፈውን ወለል ለካ። አላመነም፤ ደግሞ ለካ። «አይገባም ጋሼ» አለ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በጠባብ ግቢ ወደ ኋላ ነድቶ የሚያቆመው ሰውዬ፣ አልጋውን እንጂ ክፍሉን አልለካም ነበር።

«ስትሄድ ኖርክ፣ እሺ» አለች ሚስትየው። «አሁን ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ መንገድ ልትወጣብኝ ነው?»

ይህቺ ሾፌሩን ወጋ አደረገችው። «ኧረ ተይ። እንቅልፍ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«ሚስማሮቹስ? ልብስ ካልተሰቀለባቸው ምን ሊሠሩ ነው?»

ሾፌሩ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ ጠርዙ የነጣ አረንጓዴ ሻሽ አወጣና ጫፍና ጫፉን ሚስማሮቹ ላይ ቋጠረው። የአልጋው ራስጌ ተጋረደ።

«መኪናው ውስጥም በዚሁ ነበር የምጋርደው» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። «ያለሱ ተኝቼ አላውቅም።»

ሚስትየው ሻሹን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «እህቴ ወሰደችብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ነው ያኮረፍኳት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አስታራቂው እኔ አልነበርኩ?»

አናጢው ፊቱን እንዳያዩት ጎንበስ ብሎ የሌለ ፍቅፋቂ መልቀም ጀመረ። ወሬ ለመለወጥ ብሎ፣ «ረዳትዎስ ጋሼ? የት ነበር የሚተኛው?» አለ።

ሾፌሩ መውጫ ያገኘ መስሎት ደስ አለው። «ረዳትማ የፊት ወንበር ላይ ነዋ። ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ፣ ማርሹ ጎኑን እየወጋው። አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። ወገብ ያጠነክርልሃል እለው ነበር።»

ሚስትየው ጫማዋን አወለቀች። «ዞር በል እስቲ፣ ልየው» አለችና በጎን ገባች። ከውስጥ ጣውላውን በመዳፏ መታ መታ ስታደርግ ተሰማ፤ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን።

«ብርድ ልብሱን አቀብለኝ።»

አቀበላት።

«እውነቱን ልንገርህ» አለች ከሻሹ ጀርባ። «አንተ ቤት ስትገባ ነው የኔም እንቅልፍ የወጣው። ያን ሰፊ አልጋ ለብቻዬ ለምጄው ስትገላበጥ ብታድርብኝ፣ እንዳይከፋህ ብዬ የተኛሁ መስዬ ነው የማነጋው።»

አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ፣ በምልክት ተሰናብቶ ወጣ። ከውስጥ ድምፅ የለም። ቀስ ያለ ትንፋሽ ብቻ፣ ሻሹን ወደ ውጭ ነፋ፣ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርገዋል።

ሾፌሩ ቆሞ ጠበቀ። በባዶው ወለል ዙሪያ ዓይኑን አንከራተተ። በመጨረሻ ጣውላውን በጣቱ ኳ አደረገ።

«አንቺ። እኔስ የት ልተኛ?»

ሻሹ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ረዳትህ የት ነበር ያልከው?»