ተጎታቿ ውስጥ ማን አደረ?

«ሌባ! ዓይን ያወጣ ሌባ!» አለ ሎርን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ እያወዛወዘ። ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ ነው። መስከረም መግቢያ ላይ ከሐይቁ ሲመለሱ ሁለቱንም ራሱ አስሞልቶ፣ ራሱ ነበር የገጠማቸው። ከዚያ ወዲህ ለሽርሽር በመኪና የሚጎትቷት ተጎታች ቤታቸው ከጋራዡ ጀርባ እንደቆመች ናት።

ሚስቱ ዳርሊን በኩሽናው በር ብቅ አለች። ካፖርትና ቦት ጫማ አድርጋለች።

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! የሰው ጋዝ ሲያነዱ የከረሙትም ይስሙ!»

ሬዲዮው ለዛሬ ቅዳሜ ማታ ከዜሮ በታች ስምንት ብሏል። በካናዳ፣ በሳስካቼዋን ሜዳ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ቧንቧ ውስጥ የቀረች አንዲት ብርጭቆ ውሃ በረዶ ሆና ቧንቧውን ታፈነዳለች፤ ፀደይ ሲመጣ ወለሉ በስብሶ ይጠብቅሃል። ሎርን ደግሞ ከዚህች ተጎታች ሌላ የኔ የሚለው ነገር የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ከመሬት በታች በሌሊት ፈረቃ ማዳበሪያ ማዕድን ሲቆፍር ቆይቶ ያገኛት ናት። በፀደይ ዳርሊንን ይዞ እስከ ውቅያኖሱ ሊነዳ ምሎላታል። ስትነካበት የተነካው እሱ ነው።

በሩን በርግዶ ገባ። ውስጡ የሌሊቱ ሙቀት ገና አልወጣለትም። የውሃው ታንከር ግማሽ ድረስ ሞልቷል። የአይጥ ወጥመዶቹ አዲስ የኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶላቸዋል።

«ሌባው አይጥም ያጠምድልኛል!» ብሎ ጮኸ። «ደመወዝ ልክፈለው እንዴ?»

አልጋው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም። ሎርን ይህን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። የዳርሊን ወንድም ዊልፍ ድሮ ወታደር ነበር። ሚስቱ ያባረረችው ጊዜ እዚሁ እነሱ ሳሎን ሁለት ሳምንት ተኝቶ፣ ሎርን ነው ሻንጣውን በረንዳ ላይ ያወጣለት።

ስልኩን አወጣ።

«ዊልፍ! ተጎታቼ ውስጥ ስንት ቀን አደርክ?»

«የትኛው ተጎታች?»

«አታሹፍብኝ! ጋዜን ጨርሰህ፣ አልጋዬን አንጥፈህ!»

«እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ሬጃይና ከተማ ነኝ፣ ሰውዬ። አልጋ ካነጠፍኩልህማ ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር።» ሳቀ። «ደጅህን ከምትጠብቅ ቤትህን ብትጠብቅ አይሻልህም?» ዘጋበት።

«ሰማሽው? ይሰድበኛል ደግሞ!»

ዳርሊን ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። «እሱ አይመስለኝም» አለች።

«ወንድምሽ ስለሆነ ነው የማይመስልሽ!»

«ባይሆን ውሃዋን ነገ ብታፈሰውስ?»

«ዛሬ ማታ ነው የሚበርደው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ማሞቂያው ከበራ ምንም አይሆንም።»

«ማን ያበራዋል? ያው ሌባው?»

 ሎርን መፍቻውን አነሳ።

የታንከሩን ውሃ ለቀቀው። የውሃ ማሞቂያውን ቡሽ ፈቶ አንጠፈጠፈው። የፓምፑን ቱቦ ቧንቧ በረዶ እንዳይሠራ የሚያደርገው ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ቧንቧዎቹን ተራ በተራ ከፈተ፤ ሮዝ እስኪወርድ ይጠብቃል፣ ይዘጋል፣ ይሳደባል። ገላ መታጠቢያውን፣ መጸዳጃውን፣ አንድም አልዘለለም። ባትሪውን ነቅሎ ጋራዥ አስገባ። የአልጋውን ፍራሽ በጎኑ አቆመው። አይጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቀጠቀው።

ቀትር ላይ እርቦት ኩሽና ገባ። አንድ ሳንድዊች በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አጠገቡ «ሾርባው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው» የሚል ወረቀት ተቀምጧል። ቤታቸው እንዲህ ነው የሚኖረው። እሱ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ፣ ቀን አልጋ ላይ፤ እሷ በማለዳ ትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት። የሚነጋገሩት በወረቀት ነው። በበጋው ደግሞ ማንኮራፋትህ አላስተኛ አለኝ ብላ ምድር ቤት ወርዳለች፤ እሱም ደረጃው ለጉልበቱ አይመችም፣ አይወርድም። ቆሞ በልቶ፣ አፉን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረሰ። በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ጠረቀመው፤ በጫማው ጫፍም መታው።

«በል እንግዲህ ይምጣ!» አለ ወደ መንገዱ እየጮኸ። «ውሃ የለ፣ ጋዝ የለ፣ መብራት የለ! ጥርሱ ሲንገጫገጭ የሎርንን ስም ይወቀው!»

ዳርሊን ከኩሽናው ወጥታ መጣች። እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ለዊልፍ ልታቀብዪው?»

«ዊልፍ አይደለም አልኩህ።»

«ታውቂዋለሻ!» ፊቱ ቀላ። «ታውቂው ነበር! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ስቃጠል ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ! ማነው? ስሙን ጥሪው!»

ዳርሊን እጇን አላጠፈችም።

«ከቤትህ ወጥቼ እዚህ ማደር ከጀመርኩ እኮ ሰኞ አምስት ሳምንት ይሞላኛል፣ ሎርን።»