በሞቴ ተቀመጪ

ሽማግሌው በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ከከፈተው የርካሽ ዕቃ መደብር ዘይት ይዘው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሲቀርቡ ቆማ አገኟት። ሸቀጡ የረከሰበት ቤት ምግባሩ አለመርከሱ ደስ አሰኛቸው።

«ተባረኪ ልጄ፤ ለሽማግሌ መነሣት የቀረ መስሎኝ ነበር። በይ ተቀመጪ።»

«ግድ የለም፣ አባባ።»

«በሞቴ!»

አልተቀመጠችም። በሞታቸው ለምነው እምቢ ያላቸው ሰው አልነበረምና ደማቸው ፈላ። ወለሉን በከዘራቸው ደበደቡት።

«ሞቴ በዚህ ቤት በቅናሽ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። «ምን በደለችዎ፣ አባቴ?»

«በሞቴ ተቀመጪ ብላት እንደ ምሰሶ ተገትራ ቀረች!»

ሰውየው ወደ ወጣቷ ዞሮ ጮኸ። «እታገኝ! ደንበኛ ንቀሽ እዚህ አትሠሪም! አሁኑኑ ካልተቀመጥሽ ነገ እንዳትመጪ!»

ወጣቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያም ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ በቀስ ዝቅ አለችና ከዓይናቸው ተሰወረች።

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው ወደ ማዶ ተመለከቱ። ወንበር አልነበረም፤ ከሌሎቹ ባንኮኒዎች ኋላም አልነበረም። ወጣቷ ያበጡ እግሮቿን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ ሽቅብ አየቻቸው።

«ይኸው ተቀመጥኩ፣ አባባ።»