ገና ረቂቅ ነው

ይርዳው የብረት መቁረጫውን አጥፍቶ "የትኛውን ልከተል?" አለ። በእጁ ሁለት ወረቀት ይዞ ነበር። ሁለቱም ንድፍ ሠሪዋ ፀዳል ባልባላ፣ ዋራበሌ በሚባለው መንደር ለሚተከለው የውሃ ታንከር ማቆሚያ የሠራቻቸው ንድፎች ነበሩ። ስማቸው አንድ ነው፤ የእግሮቹ ቁመት ግን ይለያያል።

"ረዥሙን። አጭሩ የድሮው ነው" አለችው ፀዳል።

ይርዳው ወለሉ ላይ የተጋደሙትን ብረቶች አሳያት። ረዥሙን ከማግኘቱ በፊት በአጭሩ ልክ ቆርጧቸው ነበር።

ፀዳል ጎንበስ ብላ ብረቶቹን አየች። ኃላፊዋ ንድፉ ቁጥር ወጥቶለት እንዲመዘገብ በጠየቃት ቁጥር "ገና ረቂቅ ነው" ትለው ነበር። አንዴ ከተመዘገበ መስመር ለመንካት እንኳ ምክንያት መጻፍ ግድ ነው፤ እሷ ደግሞ እንዳሻት መሞከር ትወዳለች። ስለዚህ አዲሱን በሠራች ቁጥር አሮጌውን ከኮምፒውተሯ ታጠፋ ነበር።

"በአጭሩ ብንጨርሰውስ?" አለ ይርዳው ረጋ ብሎ። "መጀመሪያውኑ ለምን አስረዘምሽው?"

ፀዳል ለማስታወስ ሞከረች። ውሃው ዳገቱ ላይ ላሉት ቤቶች እንዲደርስ ነበር? ወይስ ቦቴ ከሥሩ እንዲቆም? ስሌቱም ከአሮጌው ንድፍ ጋር ጠፍቷል።

"ዛሬ አትቁረጥ" አለችው፤ ወረቀቶቹንም ተቀበለችው።

ቢሮ ገብታ መጀመሪያ አጭሩን፣ ቀጥላም ረዥሙን መዘገበች። "የለውጡ ምክንያት" ከሚለው ፊት "አላስታውስም" ብላ ጻፈችና ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመረች።